የፎገራ ንፋስና የዓለማየሁ ሸክላ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ሐሙሲትን አልፎ የጉማራን ድልድይ ሲሻገር ዳገትና ቁልቁለት ያበቃል። ከዚያ ወዲያ የፎገራ ሜዳ ነው። በክረምት ጉማራና ርብ ከዳርቻቸው ሲወጡ የማሳውና የጣና ድንበር ይጠፋል፤ በጥር ግን ውሃው ሸሽቶ፣ የሩዙ ክምር በየአውድማው ቆሞ፣ እርጥበት ባልለቀቀው መሬት ላይ ጓያ ለምልሞ ይገኛል። ጥር የሠርግ ወር ነውና በየመንገዱ ዳር ዳስና አጀብ አይጠፋም።

ሩዝ ለዚህ አገር የቅርብ እንግዳ ነው። በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች በደራ ወረዳ ጅግና፣ በፎገራ ወረዳ ደግሞ ሻጋ በተባሉ ቀበሌዎች የገበሬ አምራች ማኅበራት ውስጥ ዘሩን አስተዋወቁ። ውሃ የሚተኛበት መሬት ለጤፍ አይመችም፤ ለሩዝ ግን ሠርግና ምላሽ ሆነለት። ባለሙያዎቹ አገራቸው ገቡ፣ ማኅበራቱ ፈረሱ፣ ሩዙ ቀረ። ገበሬው በራሱ እጅ አላመደው፦ ከጤፍ ደባልቆ እንጀራ ጋገረው፣ ጠላ ጠመቀው፣ አረቄ አወጣበት። በሰፊው የሚዘራውም ዘር የቀበሌውን ስም ይዞ «ኤክስ ጅግና» ተባለ። ዛሬ የወረታ ሰው «ነጭ ወርቅ» ብሎ ሲጠራው የኮሪያ እንግዳ መሆኑን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።

የሩዙን ታሪክ ያስቀደምኩት በሚኒባሱ ውስጥ ከሰማሁት ዘፈን ጋር ዝምድና ስላለው ነው። ወረታ ልንገባ ትንሽ ሲቀረን ሾፌሩ ሙዚቃውን ቀየረና የዓለማየሁ እሸቴ «ተማር ልጄ» መጣ። ከኋላ የተቀመጡ እናት፣ ከተሳፈሩ ጀምሮ ሬዲዮኑን «ቀንሰው» ሲሉ የነበሩት፣ «እሱን እንዳትነካው የኔ ልጅ» አሉ። በጆሮው ማዳመጫ የሰካ ወጣት ሳይቀር ነቅሎ ያዜም ጀመር። ዘፈኑ ከሾፌሩም ከወጣቱም በዕድሜ ይበልጣል። ዘፋኙም የዚህ አገር ሰው አይደለም።

ጉዞዬ ጣራ ገዳምን ለማየት ነበር። ያን ጊዜ ግን አንድ ጥያቄ ሽው አለብኝና ሾፌሩን «የፎገራ አዝማሪስ ፍላሽህ ላይ አለ ወይ?» አልኩት።

«አዝማሪማ ወረታ ሞልቶ የለም እንዴ ጋሼ! ፍላሽ ላይ ምን ያደርግልኛል?» አለኝ።

መልሱ ለሳቅ የተሰነዘረ ቢሆንም ከአእምሮዬ አልወጣም። የቀረው መንገድ ሁሉ ለዚህ መልስ አጸፋ ስፈልግ አለቀ።

ዓለማየሁ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1941 ጅማ ተወልዶ አዲስ አበባ አደገ። ልቡን የሰረቀው ሲኒማ ነው። የአሜሪካ ፊልም እያየ ጠጉሩን እንደ ኤልቪስ ፕሪስሊ አበጠረ፣ አለባበሱን ለወጠ፣ በትምህርት ቤት መድረክ የኤልቪስን ዘፈኖች በእንግሊዝኛ ይዘፍን ጀመር። ሆሊውድ ገብቶ የፊልም ሰው ለመሆን ከቤት ጠፍቶ እስከ ምጽዋ ወደብ ደርሶ ነበር፤ መርከብ ሳይወጣ ተመለሰ። በኋላ የፖሊስ ኦርኬስትራ ተቀበለው። ሰው «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» አለው፤ በጩኸቱና በወገቡ ሌሎች ደግሞ ከጄምስ ብራውን ጋር አመሳሰሉት።

እዚህ ላይ ኤልቪስ ራሱ ማን እንደነበር ማስታወስ ይጠቅማል። በሚሲሲፒ ገጠር፣ ቱፔሎ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 ከድሆች ቤት የተወለደ ልጅ ነው። በ1954 ሜምፊስ ውስጥ በሳም ፊሊፕስ ትንሽ ስቱዲዮ ቆሞ የዘፈነው ነገር በኋላ ሮካቢሊ ተባለ። የነጭ ገበሬዎች የጊታርና የቫዮሊን ዜማ ከጥቁሮች ምት ጋር ተጋብቶ የተገኘ ነው። የገጠሩ ዜማ፣ ካንትሪ የሚሉት፣ ደግሞ ከዚያ 27 ዓመት በፊት የራሱ ዕድል ገጥሞታል። በ1927 ራልፍ ፒር የተባለ የሸክላ ኩባንያ ሰው የመቅረጫ መሣሪያውን ጭኖ ቴነሲ ውስጥ ብሪስቶል ወደምትባል የባቡር ከተማ ሄደና «የአካባቢው ዘፋኞች ኑ» አለ። ከመጡት አንዱ ጂሚ ሮጀርስ የሚባል፣ ሳንባ ነቀርሳ የያዘው የቀድሞ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ሮጀርስ ከዚያ በኋላ የኖረው ስድስት ዓመት ብቻ ነው፤ በዚያ ስድስት ዓመት ግን የተቀረጸው ድምፁ የካንትሪ አባት አሰኘው። የራልፍ ፒር መሣሪያ ብሪስቶል ባይደርስ ሮጀርስ ያው የሠፈር ጊታር መቺ ሆኖ ይሞት ነበር።

ዓለማየሁም የራሱ ራልፍ ፒር ገጠመው። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት ሥልጣን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ እሸቴ የተባለ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የሙዚቃ ቤት የነበረው ወጣት በ1969 ይህን ጥሶ የራሱን ሸክላ ለማውጣት ቆረጠ። የመጀመሪያው ሸክላ የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። ሕንድ አገር ታትሞ መጣ፤ ያስራል ተብሎ የተጠበቀው መንግሥት ዝም አለ፤ ሸክላው ተሸጠ። አምሃ እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላ አሳትሞ፣ አብዮቱ ሥራውን ሲያጠብበት አገር ለቆ ሄደ። ይህም ስድስት ዓመት ነው።

ዓለማየሁ በእንግሊዝኛ ሲዘፍን ሰው ያጨበጭብለት ነበር፤ በአማርኛ ሲመጣ ግን «የኛ ነው» አለው። ከኤልቪስ የተማረውን አቋምና ድፍረት ይዞ፣ አባት ልጁን በሚመክርበት ቃል «ተማር ልጄ» አለ። ከውጭ የመጣው ዘር እዚህ አፈር ላይ እንጀራ ሆነ ማለት ነው። ለፎገራ ሩዝ ያመጣው የአብዮቱ ዘመን ወዳጅነት እሱንም ነክቶታል፦ በኮሪያኛ ለኪም ኢል ሱንግ እንዲዘፍን ተደርጓል። ሩዙ አማርኛ ለምዶ ቀረ፤ የታዘዘው ዘፈን ግን የትም አልበቀለም።

ወረታ መገናኛ ከተማ ናት። ወደ ሰሜን አዲስ ዘመንና ጎንደር፣ ወደ ምሥራቅ ደግሞ በደብረ ታቦር በኩል እስከ ወልዲያ የሚዘልቀው፣ ቻይናዎች የሠሩት መንገድ ይጀምርባታል። የሩዝ መፈልፈያው ወፍጮ ድምፅ፣ የጭነት መኪናው ረድፍ፣ የሽንኩርት ጆንያው ክምር ከተማዋን ሞልቷታል። ወደ ማታ ከመገንጠያው ብዙ ሳልርቅ ጠላ ቤት ገባሁ። ጠላው የሩዝ ነበር። ጥግ ላይ አንድ ጎልማሳ ማሲንቆውን ጭኑ ላይ አስደግፎ ጅማቱን ይቃኛል።

ማሲንቆ ትንሽ ነገር ነው። አራት ማዕዘን የእንጨት ገበታ፣ በላዩ የተወጠረ የፍየል ቆዳ፣ ከፈረስ ጭራ የተገመደ አንድ ጅማት፣ ደጋን። በዚህ አንድ ጅማት ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ይወጣሉ። አዝማሪው መጀመሪያ ቤቱን አመሰገነ። ቀጥሎ እያንዳንዱን እንግዳ በመልኩና በልብሱ እያነሳ አወደሰ፤ የራሴን አቧራ የጠጣ ጫማ ከጣራ ገዳም ባሕታዊ ጋር ሲያዛምደው ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ሰው ሁሉ በየተራው «ተቀበል!» ይለው ጀመር። የተሰጠውን ስንኝ ይቀበላል፣ ያስተካክላል፣ ያጎደለውን ይሞላል፣ አንዳንዱን ወርቁን አገላብጦ ለባለቤቱ መልሶ ይወረውራል። ሰካራሙ ያበላሸው ስንኝ በሱ አፍ ሲያልፍ ቤት ይመታል። ስቱዲዮ ውስጥ በወር የሚሠራውን እሱ በአንድ ትንፋሽ ይሠራዋል።

ሲያርፍ አጠገቤ ተቀመጠ። አባቱም አያቱም አዝማሪ ነበሩ። ማሲንቆ መያዝ የጀመረው ከብት በሚጠብቅበት ዕድሜ ነው። በጥርና በሚያዝያ ከሠርግ ሠርግ፣ ከሐሙሲት እስከ አዲስ ዘመን፣ አንዳንዴም ደብረ ታቦር ድረስ ይዞራል። ሁዳዴ ሲገባ ማሲንቆው ይሰቀላል፤ እሱም የሰው መሬት በእኩል አርሶ ይኖራል። አዲስ አበባም ሄዶ ካዛንቺስ አዝማሪ ቤት ሠርቷል። «እዚያስ ሰው ሽልማት ያውቃል ጌታዬ፤ ግን የማመሰግነውን ሰው አላውቀውም። የማን ልጅ ነው? ምን ሠራ? ምኑን ላንሳለት?» አለኝ። እናም ተመለሰ።

ይህ ንግግሩ የአዝማሪን ሥራ ቁልፍ ሰጠኝ። አዝማሪ የሚዘፍነው ለሚያውቀው ሰው ነው፤ የሚያውቀው ሰውም ስንኝ እየሰጠ አብሮት ይዘፍናል። አገሩን ሲለቅ ድምፁ ይቀራል፣ ግማሹ ግጥም ግን ይጠፋበታል።

ስሙን ጠየቅሁት። ሳቀና «ስሜን ተወው» አለ። ስለሱ መጻፍ እንደምፈልግ ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ገብተዋል፤ እዚያ ደግሞ «የአዝማሪ ልጅ» የሚል ስድብ አለ። «እኔን ይስደቡኝ፤ ለምጄዋለሁ። እነሱን ግን በጋዜጣ አሳትሜ አላሰድባቸውም።»

ይህ የሱ ብቻ ዕጣ አይደለም። ጣሊያን አገራችንን በያዘ ጊዜ አዝማሪዎች በግጥማቸው አርበኛን ያነሳሳሉ ተብለው ተሳደዋል፣ ተገድለዋል። ጠላት ኃይላቸውን ያወቀውን ያህል እኛ አላወቅንላቸውም። ሠርጋችንን ያደምቃሉ፣ ልጃችንን ግን አንድርላቸውም። ዘመናዊ ባንድ ይዘው የወጡት ዘፋኞች እንኳ በወላጆቻቸው ዘንድ «አዝማሪ ሆነ» መባልን ፈርተው ነው የጀመሩት። ካሳ ተሰማና አስናቀች ወርቁ በክራር፣ ባሕሩ ቀኜ በማሲንቆ ስማቸው ተከብሮ የቀረው ሬዲዮኑና ሸክላው ከመንደር ሐሜት አሻግሮ ስላወጣቸው ጭምር ነው።

የሾፌሩን ነገር አነሳሁለት። ስለ ዓለማየሁ፣ ስለ ሸክላው፣ ሚኒባሱ ሙሉ ሰው አብሮ ስለ መዝፈኑ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና ማሲንቆውን አነሳ፤ ሁለት ጊዜ በደጋኑ ሳብ አድርጎ፣

«እሱስ ዓለም አየ በሸክላ ተሳፍሮ፣
የኔን ንፋስ በላው ጭድ መስሎት አብጥሮ።»

አለ። ቤቱ «ይበል!» ብሎ ጮኸ። ስልክ አውጥቶ የቀረጸው ግን ማንም አልነበረም። የጠላ ቤቱ ባለቤት እትዬም «እሱ ነገም ይለዋል» አሉ። ነገ የሚለው ሌላ ነው። አዝማሪ ያለፈውን ስንኝ አይመልስም፤ ሥራውም ውበቱም እዚያ ላይ ነው።

በማግስቱ የርብን ድልድይ ተሻግሬ ወደ አዲስ ዘመን ስሄድ ሜዳው ላይ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ላሞች አየሁ። የፎገራ ላም በወተቷ ስሟ የታወቀ ነው። ሣሩ ሩዝ ሲሆንባት የግጦሽ መሬቷ ጠበበ፤ ከሌላ ዘር ጋርም ተዳቀለች። ደግነቱ ባሕር ዳር አጠገብ አንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ዘሯ እንዳይጠፋ መንጋ ይዞ ያራባል። መንግሥት ለላሟ ያሰበላት ዘሯ የማይተካ መሆኑን አጥኚዎች በጽሑፍ ስላስረዱት ነው። ለአዝማሪው እንዲህ ያለ ማስረጃ የጻፈለት ጥቂት ነው። ከጻፉትና ከቀረጹት አንዳንዶቹም ከሩቅ የመጡ ናቸው። በትውልድ አሜሪካዊቷ ጂን ጄንኪንስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በኢትዮጵያ እየዞረች ዜማ ቀርጻለች፤ ጃፓናዊው ኢትሱሺ ካዋሴም የጎንደር ሕፃናት አዝማሪዎችን በዘጋቢ ፊልም አሳይቷል።

ጣራ ገዳም ከአዲስ ዘመን በላይ ባለው ተራራ ላይ፣ በደን ውስጥ ነው። ከታች ያለው አገር ተመንጥሮ ሲያልቅ ይህ ደን የቀረው ገዳሙ ስላለበት ነው። ስፋቱ 875 ሄክታር ያህል ነው፤ ወይራው፣ ብሳናው፣ አጋሙ ከመቶ ከሚበልጡ የዛፍና የቁጥቋጦ ዓይነቶች ጋር ተቀላቅሎ ዳገቱን ሸፍኖታል። ሲወጡት ያስተነፍሳል። ወደ ላይ ሲደርሱ ግን የፎገራ ሜዳ እስከ ጣና ድረስ በእግር ሥር ይዘረጋል፤ ትናንት ያደርኩባት ወረታ ከዚያ ላይ የጭስ ምልክት ብቻ ናት።

ከገዳሙ አባቶች አንዱ ከጥላው ሥር አስቀመጡኝና ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። የአዝማሪውን ነገር ሳነሳ ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም። «ዘፈኑን ተወውና ዜማውን ልንገርህ» አሉኝ። «የእኛ ዜማ ለምን የቆየ ይመስልሃል ልጄ? ድምፃችን ከአዝማሪው ስለሚበልጥ አይደለም። ምልክት ስላለው፣ መምህር ስላለው፣ ማስመስከሪያ ስላለው ነው።»

አባ ልክ ናቸው። ይህ ደቡብ ጎንደር የሚባለው አገር የዜማ ትምህርት ማኅደር ነው። ቤተልሔም ለድጓ፣ ዙር አምባ ለዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ናቸው። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለቅዱስ ያሬድ ዜማ ምልክት ሠሩለት ይባላል፤ ከፊደሉ በላይ የሚቀመጡት እነዚያ ጥቃቅን ምልክቶች ከጦርነቱም ከቃጠሎውም ዜማውን አሻግረውታል። ተማሪው መምህሩን፣ መምህሩም የራሱን መምህር ስም ይቆጥራል። በዚያው አገር፣ በዚያው ቋንቋ፣ ከተራራው ግርጌ ያለው አዝማሪ ግን ምልክትም፣ መጽሐፍም፣ ማስመስከሪያም የለውም። ጉባኤው ጠላ ቤት ነው፤ ምስክሩም የሰከረ ሰው።

ስለዚህ ለሾፌሩ የምሰጠው መልስ እዚያ ተራራ ላይ ተገኘ። ድምፅ ከዘመን ዘመን የሚሻገረው ባማረ ጉሮሮ ብቻ አይደለም። የሚያስቀምጠው ሰው ሲኖር ነው። ለድጓው አዛዥ ጌራ ነበሩት፤ ለብሪስቶሉ ሮጀርስ ራልፍ ፒር፤ ለዓለማየሁ አምሃ እሸቴ። አምሃ ከመቶ በላይ ሸክላ ባያተርፍልን ዛሬ ስለዚያ ዘመን የምናወራው በወሬ ነበር።

ዓለማየሁ ያ ሸክላ ምን እንዳደረገለት በሕይወቱ አይቷል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ባወጣው «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ የድሮው ሸክላ እንደገና ታትሞ ዓለምን ዞረ። በ2008 ዓለማየሁ ከማሕሙድ አሕመድ፣ ከሙላቱ አስታጥቄና ከጌታቸው መኩሪያ ጋር በእንግሊዝ አገሩ ግላስተንበሪ መድረክ ላይ ቆመ። በዚያው ዓመት ኒውዮርክ ሊንከን ሴንተር ዘፈነ። በወጣትነቱ ከምጽዋ የመለሰው ባሕር በስተርጅና ተከፈተለት። ነሐሴ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በ80 ዓመቱ አረፈ። ሄዶ የቀረው እሱ ነው፤ ድምፁ ወረታ ድረስ ሚኒባስ እየተሳፈረ ይመላለሳል።

የፎገራን አዝማሪ ድምፅ ለማስቀመጥ ዛሬ ሕንድ አገር ሸክላ ማሳተም አያስፈልግም። የሚከለክል ድንጋጌም የለም። መሣሪያው በእያንዳንዱ የሠርግ ታዳሚ ኪስ ውስጥ አለ። የጎደለው ሁለት ነገር ነው፦ ንቀቱን መተውና ሥራውን ሥራ ብሎ መያዝ። የደብረ ታቦር፣ የባሕር ዳርና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ አገር መሐል ናቸው፤ የሙዚቃና የፎክሎር ተማሪዎቻቸውን በጥርና በሚያዝያ ወደ ሠርግ ዳስ ቢልኩ አንድ ወር የዕድሜ ልክ ማኅደር ይሠራል። የየወረዳው ባህል ጽሕፈት ቤት አዝማሪን ለበዓል ቀን ብቻ ከሚጠራው፣ ስሙንና መንደሩን፣ ማሲንቆውን ከማን እንደተማረ መዝግቦ ቢያስቀምጠው ለልጁ መከበሪያ ይሆነዋል። የአዝማሪ ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚሰደበው አባቱ ማን እንደሆነ መምህሩም ስለማያውቅ ነው።

አንተም አንቺም፣ በዚያ መንገድ ብታልፉ፣ ወረታ ላይ ውረዱ። አዝማሪውን አስፈቅዳችሁ ቅረጹት፤ ቀኑንና ቦታውን ጻፉበት፤ ስሙን እሱ ከፈቀደ ብቻ ጨምሩ። ገንዘቡንም ግንባሩ ላይ ለጥፋችሁ ለታይታ ሳይሆን እንደ ማንኛውም ባለሙያ ዋጋ ቆጥራችሁ በእጁ ስጡት።